«ካርቱም ውስጥ ዘመድ አለሽ?»

ሳጃና፣ ካርቱም
ጥቅምት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ ኢሳ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እናቴ ጦይባ፣ ባለቤትዎ እትዬ አሚና፣ ልጅዎ ሉጥፊያ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? ኮምቦልቻ ዘንድሮ ዝናቡ ቀረ ሲሉ ሰምቼ አዝኛለሁ፤ አላህ ያምጣው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

መጻፍ ካቆምሁ ቆይቻለሁና አይቀየሙኝ። ጀብራ ሰፈር የነበርሁበትን ቤት ለቅቄ ወጥቻለሁ። አሁን ሳጃና ነው ያለሁት፣ ጸሐይወርቅ ከምትባል የጎንደር ሴት ጋር። ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ከኋላ ባለችው ክፍል ታስተኛኛለች፣ እኔም ዕቃ አጥብላታለሁ። ከእንግዲህ ሲጽፉልኝ በእሷ ስም ይሁን። በጀብራው አድራሻ ግን ምንም እንዳይልኩ አደራ እልዎታለሁ።

የማስቸግርዎት በአንድ ጉዳይ ነው። እርስዎ ፋብሪካው ውስጥ ሰው ሲቀጠር ከጠያቂዎቹ ጋር ስለሚቀመጡ ያውቁታል ብዬ ነው። ሥራ እየፈለግሁ ሲጠይቁኝ እወድቃለሁ። አል-ሳሃፋ ሰፈር አንዲት ታማሚ አሮጊት የምትጠብቅ ሴት ይፈልጋሉ ተብዬ ሄጄ ነበር። ልጃቸው ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥታ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጥታ በደንብ ተቀበለችኝ። ስለ ምግቡ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ጽዳቱ ጠየቀችኝ፣ መለስሁ። ቀጥላ «የድሮውን ቤት ለምን ለቀቅሽ?» አለችኝ። አጎቴ፣ አፌ ደረቀ። ውሃው እጄ ላይ እያለ አልጠጣሁትም። መሬት መሬት ሳይ ሴትዮዋ ቀስ ብላ ቦርሳዋን ከአጠገቤ አንስታ ወደ ራሷ አስጠጋችው። ሌባ መሰልኋት።

ሌላ ቤት ደግሞ እንዳልወድቅ ብዬ ለጠየቁኝ ሁሉ «አዎ» አልሁ። መርፌ መውጋት ትችያለሽ? አዎ። ዓረብኛ ታነቢያለሽ? አዎ። የመድኃኒት ብልቃጥ አምጥተው አንብቢ አሉኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ወጣሁ።

ምን ብዬ ልመልስ? እባክዎ ይምከሩኝ። ቶሎ መቀጠር አለብኝ፤ ወረቀት የሌለውን ሰው ከመንገድ የሚያፍሱበት፣ ከሻ የሚሉት ነገር በርትቷል። ጃዋዜ፣ ማለቴ ፓስፖርቴ፣ ጀብራ ቀርቷል። ለእናቴ ሥራ ላይ ነች ይበሉልኝ።

እህትዎ የወለደችልዎ፣
ናስራ


ኮምቦልቻ
ኅዳር 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለናስራ፤

ወአለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። በዚህ በተባረከው ወር የጾምሽውን ይቀበልልሽ፣ የለመንሽውን ይስጥሽ። እኛ ሁላችንም በጤና አለን። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ጮክ ብዬ ለእናትሽ አነበብሁላት፤ እንዳልሽኝ ሥራ ማጣትሽን የሚናገረውን ዘልዬ።

ስለ ጥያቄና መልስ የጻፍሽው ልቤን ነካው። እንጀራዬ ስለሆነ እነግርሻለሁ። ባለፈው ዓመት ለዕቃ ግምጃ ቤት ሰው ስንፈልግ አንድ የተማረ፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰውዬ መጣ። የቀድሞ ሥራህን ለምን ለቀቅህ ብንለው የአለቃውን ክፋት ሲዘረዝር ሻያችን ቀዘቀዘ። ምናልባት ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ግን እኔም ሰብሳቢውም ያሰብነው፣ ነገ ስለ እኛም እንዲሁ ይላል ብለን ነው። ስሙን ሰረዝነው። ስለዚህ ልጄ፣ የለቀቅሽውን ቤት ፈጽሞ አታንሺ። «የሥራ ጊዜዬ አልቆ በሰላም ተለያየን» በይ፣ በቃ።

ሁሉን እችላለሁ ማለትም እንዲሁ ይጥላል። መሐንዲሳችን ቀልደኛ ነው፣ አንዱን ሸማኔ በዓለም ላይ የሌለ ማሽን ስም ፈጥሮ ሠርተህበታል ወይ ቢለው «ሁለት ዓመት» አለ። የማታውቂውን አላውቅም፣ ካሳያችሁኝ እማራለሁ በይ። ጠያቂው ሳይጨርስ አትመልሺ። አትንተባተቢ፣ መሬትም አትዪ። የሚጠይቅሽ ሰው የሚፈልገው ችግር የማታመጣ ሰው መሆንሽን ማወቅ ነው።

ሉጥፊያም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካልቀናት ወዲህ ቤት ውላለች። ማታ ማታ እንደ ጠያቂ ሆኜ አለማምዳታለሁ። መልሷ እያማረ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ፓስፖርት የሚረሳ ዕቃ አይደለም። ለምን እዚያ ቀረ? ለምንስ ቤቱን ለቀቅሽ? ለእኔ ንገሪኝ።

የእናትሽ ምርቃት ይድረስሽ፤ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

አጎትሽ ኢሳ


ሳጃና፣ ካርቱም
ታኅሣሥ 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አጎቴ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን ከጾሙ ለበዓሉ አደረሳችሁ፣ ዘግይቼ ነው። ሁላችሁም በያላችሁበት አላህ ይጠብቃችሁ።

እንደመከሩኝ አደረግሁ። በጸሐይወርቅ ደንበኛ በኩል አንድ ቤት ተገኝቶ ነበር። ቀና ብዬ ተቀመጥሁ፣ አልቸኮልሁም፣ የማላውቀውን አላውቅም አልሁ። ሴትዮዋ ደስ አላት። የድሮው ቤትሽስ ስትለኝ፣ የሥራ ጊዜዬ አልቆ በሰላም ተለያየን አልኋት። «በሰላም ከተለያያችሁ ፓስፖርትሽ የት አለ?» አለች።

ይህን አልነገሩኝም ነበር፣ አጎቴ። ሊልኩልኝ ነው ብዬ ዋሸሁ። የት ሰፈር ነው ስትለኝ ጀብራ ማለቱን ፈርቼ ኦምዱርማን አልሁ። ኦምዱርማን የት አካባቢ? የማን ቤት? አገሩን አላውቀው፣ ቀባጠርሁ። ሴትዮዋ «ትንሽ ጠብቂ፣ ባሌ ይምጣና ይይሽ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። በሩ አልተዘጋም ነበርና ስልክ ስታወራ ሰማኋት። «አንዲት ሐበሻ ልጅ» አለች፣ ከዚያ መልኬን መግለጽ ጀመረች፤ ቁመቴን፣ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ። ከማን ጋር እንደምታወራ አላወቅሁም። እስካውቅም አልጠበቅሁም። በወጥ ቤቱ በኩል ወጥቼ ሮጥሁ፣ አንድ እግር ጫማዬ እዚያው ቀረ። ሐፍላ፣ ማለቴ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እግሬን ሲያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከክፍሌ አልወጣም። ምግብ ቤቱ በር ላይ መኪና ሲቆም ልቤ ይቆማል። ጸሐይወርቅ ማንን ነው የምትፈሪው ትለኛለች፤ ማንንም እላታለሁ።

እርስዎም የጠየቁኝን ደግመው አይጠይቁኝ። በአላህ ይዤዎታለሁ። ለሉጥፊያ ሰላም ይበሉልኝ። እዚያው አገሯ ብትሞክር ይሻላታል።

ናስራ


ኮምቦልቻ
ጥር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለናስራ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ። አላህ ልብሽን ያረጋጋው፣ እግርሽን ከእሾህ ይጠብቀው። ደብዳቤሽ አስጨንቆኛል። አልጠይቅም፤ ዱዓ ግን አላቋረጥሁም።

እስቲ ደግሞ የሚያስደስትሽን ልንገርሽ። ሉጥፊያ ሥራ አገኘች! አንቺን የወሰደሽ ደላላው ዳውድ ነው ያገኘላት። እመቤቲቱ ራሷ ከካርቱም ደውላ በዳውድ ሱቅ ስልክ አነጋገረቻት። ዳውድ ያስተረጉም ነበር፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማለሁ። እንዴት እንደመለሰች ብታያት! አልተንተባተበችም፣ አልቸኮለችም።

ሴትዮዋ ስለ ምግብና ስለ ጽዳት ብዙም አልጠየቀቻትም፤ ጠባይ ላይ ያተኮረች ሰው ናት። «ካርቱም ውስጥ ዘመድ አለሽ?» አለቻት። ሉጥፊያ አየችኝ፤ አሠሪዎች ሥራ ቦታ እየመጣ የሚጠይቅ ዘመድ እንደማይወዱ ስለማውቅ ራሴን ነቀነቅሁ። «የለኝም» አለች። አትቀየሚን፣ ለሥራው ብለን ነው። «ቶሎ ታለቅሻለሽ? ነገር ሲከፋሽ ወደ ቤት ልሂድ ትያለሽ?» አለቻት። እኔ ታጋሽ ነኝ፣ የቤት ገመና ወደ ውጭ አላወጣም ብላ መለሰች። ከዚያ «በርሽን ቆልፈሽ የመተኛት ልማድ አለሽ?» አለቻት። ይህ ገርሞን ሳቅን። የለኝም አለች። ሴትዮዋ እዚያው በስልክ ተቀበለቻት።

ቤቱ እንዳንቺው ጀብራ ነው። ባልየው ሀሺም፣ ሚስትየዋ መዋዳ ይባላሉ። የአሠሪዎችሽን ስም ጽፈሽልኝ አታውቂምና፣ ናስራ የነበረችበት ይሆን ብዬ ዳውድን ብጠይቀው አይደለም፣ ከዚያ የተሻለ ነው አለኝ። ከአረፋ በኋላ በመተማ በኩል ትነሳለች። እናትሽ ለመንገዷ በሶ እየፈጨች ነው። አሁን እህት አገኘሽ፤ ብቸኝነትሽ አበቃ።

አጎትሽ ኢሳ


ሳጃና፣ ካርቱም
የካቲት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ሰላምታዬን ያሳጠርሁት በንቀት አይደለም። ሉጥፊያን አይልኳት። መንገድ ጀምራ ከሆነ ያስመልሷት።

ያ ቤት የእኔ ቤት ነው። ሀሺምና መዋዳ። ዳውድ ዋሽቶዎታል። እኔን ሲያነጋግሩኝም በዚያው ሱቅ፣ በዚያው ስልክ ነበር፤ የጠየቁኝም ያንኑ ነው። ዘመድ አለሽ? ታለቅሻለሽ? በርሽን ትቆልፊያለሽ? ያኔ ለሥራዋ የምታስብ ሴት መሰለችኝ። አጎቴ፣ ሰው የሚጠይቀው የሚፈልገውን ነው። እንድመልስ ብቻ ስጨነቅ ጥያቄውን አልሰማሁትም።

መናገር ያቃተኝን አሁን እጽፋለሁ። የክፍሌ በር ቁልፍ የለውም፤ ሀሺም ነቅሎታል። መጀመሪያ ሻይ አምጪ ነበር፣ ቀጥሎ ተቀመጪ፣ ቀጥሎ ለምን ትፈሪያለሽ። ለሲት መዋዳ፣ ለእመቤቲቱ ማለቴ ነው፣ ነገርኋት። አልተቆጣችም፣ አልደነገጠችም። «ታጋሽ ነኝ አላልሽም ነበር?» ነው ያለችኝ። በሳምንቱ ቀትር ላይ ልቅሶ ልትደርስ ስትወጣ የውጭውን በር ከውጭ ቆልፋብን ሄደች። አልጋውን በሩ ላይ ገፍቼ ስጮህ ጎረቤት ይሰማል፣ ማንም አልመጣም። እሱ ሲገፋ በመስኮቱ ወጣሁ። ግንባሬን የቆረጠኝ ያ ነው። ከአጥሩ ዘልዬ ባዶ እግሬን ሳጃና ገባሁ። ሲትዋ ወርቄን ሰርቃ ጠፋች ብላ ለፖሊስ አመልክታለች አሉ። የምፈራው ይህን ነው። ከተያዝሁ ሰው የሚያምነው እሷን ነው።

ለእናቴ ብነግራት ከሐዘኑ ይልቅ ሰው ምን ይለናል የምትል መስሎኝ ነበር። እርስዎም «የለቀቅሽውን ቤት ፈጽሞ አታንሺ» ሲሉኝ ይኸው አልሁ።

ስልክ ቤት ሄጄ የፋብሪካውን ቁጥር ሞከርሁ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ይህን ደብዳቤ እስከ መተማ በሚሄደው ሾፌር በበየነ እጅ ልኬዋለሁ፤ ከዚያ ለወሎ ሰው ይሰጠዋል። ቀድሞ ይደርሳል ብዬ አላህን እለምናለሁ።

ናስራ


ኮምቦልቻ
የካቲት 7 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለናስራ፤

አሰላሙ አለይኩም። ዒድ ሙባረክ። አላህ ለሚቀጥለው ዓመት በአንድ ማዕድ ያገናኘን።

ሉጥፊያን ትናንት ሸኘናት። እናቷ አለቀሰች፣ እሷ ግን አላለቀሰችም፤ እንደተለማመድነው። መተማ ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር ትንሽ ይቆዩና ይሻገራሉ። ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ ልልክልሽ ነበር፤ ዳውድ ድንበር ላይ ደብዳቤ መያዝ ችግር ነው ስላለ በፖስታ አደረግሁት። ስትደርስ ከሩቅም ቢሆን እያት። ሴትዮዋ እንዳትከፋ ግን በር ድረስ አትሂጂ።

አንቺም ድምፅሽን አሰሚን።

አጎትሽ ኢሳ


አል-ሳሃፋ፣ ካርቱም
መጋቢት 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለኢሳ እና ለእትዬ አሚና፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። በመጀመሪያ ልባችሁ ይረፍ። ሉጥፊያ ከእኔ ጋር ናት። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተኝታለች።

የአጎቴ የፖስታ ደብዳቤ የደረሰኝ አል-ሳሃፋ ልጠየቅ ልሄድ ልብሴን ለብሼ ሳለ ነበር። ኢንሷፍ የምትባል ሴት የሕፃናት ማቆያ አላት፣ እዚህ ሮዳ ይሉታል። ልጆች የምታጥብና የምታበላ ትፈልግ ነበር። አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ የባቲ ሴት ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ስለሆነ አማርኛዋ ስብርብር ይላል። ደብዳቤውን አንብቤ ሉጥፊያ ያ ቤት ውስጥ እንደሆነች አወቅሁ። ጸሐይወርቅ ደግፋ ሐፍላ ውስጥ አስገባችኝ፣ ለምን እንደምሄድ እንኳ ረስቼ ነበር።

ኢንሷፍ ስሜን ጠየቀችኝ፣ ልጅ አጥበሽ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ቀጥላ ሁሉም የሚጠይቁትን ጠየቀች፤ የድሮውን ቤት ለምን ለቀቅሽ? የሥራ ጊዜዬ አልቆ ልል አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት፣ ሰረቀች መባሌንም፣ ሉጥፊያንም። እየተንተባተብሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ አማርኛና ዓረብኛ እየቀላቀልሁ ነበር። እንደ እርስዎ አባባል ከሆነ አንድም ያላጠፋሁት ነገር የለም። እሷ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ስለ ሥራው ምንም አላለችም።

«ልጅቱ አሁን እዚያ አለች?»

«አለች።»

«ያላ፣ ተነሺ።»

አምጃድ የሚሉትን ትንሽ ታክሲ ይዘን ሄድን። እኔ መኪናው ውስጥ ልቅር ብያት እሺ ብላ ነበር። ከመስኮቱ ሳይ በሩን የከፈተችው ሲት መዋዳ ናት። ኢንሷፍ ሉጥፊያን ልወስዳት መጥቻለሁ ስትላት፣ «የማን ነሽ አንቺ? ልጅቱ ካርቱም ውስጥ ዘመድ የላትም፣ ራሷ ነግራናለች» አለቻት። በሩን ልትዘጋው ስትል ኢንሷፍ እግሯን አስገባች።

ያኔ ወረድሁ። ደፍሬ እንዳይመስልዎት፤ እግሬ የሌላ ሰው እግር ነበር። ሲት መዋዳ ስታየኝ ሌባዋ መጣች ብላ ጮኸች፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለች። ሀሺም ጀለቢያውን እያስተካከለ ከሳሎን ብቅ አለ። አየኝ። ግድግዳውን ያዝሁ። ኢንሷፍ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ጥሪ፣ ፖሊስ ይምጣ፣ የሁለት ሴቶች ፓስፖርት ሳጥንሽ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አብረን እንጠይቅሽ አለቻት። ጎረቤቶች በር በራቸው ላይ መቆም ጀመሩ። ሲትዋ ወደ ስልኩ አልሄደችም።

ሉጥፊያ እጇ ሳሙና እንደሆነ ከወጥ ቤት ወጣች። ከስታለች። እኔን አየች፣ ሲትዋን አየች፣ አልመጣችም። የአባቷን ቃል ልትጠብቅ ነበር፣ አጎቴ። እመቤቷ እስክትፈቅድላት ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻ እንዲህ አልኋት፦

«ሉጥፊያ፣ አባትሽ ታገሺ ያለሽ ሥራውን ነው። ይህን አይደለም።»

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወጣች። ዕቃዋን ለማምጣት እንኳ አልተመለሰችም። የእሷን ፓስፖርት ሲትዋ በር ላይ ወርውራ ሰጠችን። የእኔን አቃጥዬዋለሁ አለች፤ እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም።

ደረሰባት ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። አልደረሰባትም። መኪናው ውስጥ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ቀን ቀን እንኳ በሩን በሻንጣዬ ነበር የምደግፈው» አለችን። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቤት አልተናገረችም፣ እኔም አልጠይቃትም። ስትፈልግ ትነግረኛለች።

ኢንሷፍ ለሁለታችንም የሚሆን ሥራ የላትም፣ መኝታ ግን ሰጥታናለች። እኔን ቀጥራኛለች። መቼ እንደቀጠረችኝ ግን አላውቅም፤ በማግስቱ ሽርጥ አምጥታ ልጆቹ መጡ አለችኝ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ሲትዋ አሁንም ልትከሰኝ ትችላለች፣ እኔም ፓስፖርት የለኝም። በር ሲንኳኳ ሁለታችንም እኩል እንደነግጣለን። ሉጥፊያን በሰው እጅ እስከ ድንበር እንልካት እንደሆነ ወይም ትቆይ እንደሆነ ይጻፉልን።

ናስራ


ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጆቼ ለናስራና ለሉጥፊያ፤

አሰላሙ አለይኩም። ከዚያ ቤት ያወጣችሁ ጌታ ይመስገን። ኢንሷፍን የወለደች እናት ማሕፀኗ ይባረክ።

በበየነ እጅ የላክሽው የደረሰኝ ሉጥፊያ ከሄደች በኋላ ነው። በዚያው ቀን ተነስቼ መተማ ሄድሁ። ተሻግራለች አሉኝ። ወረቀት ስለሌለኝ አናሳልፍህም አሉኝ። ድንበሩ ላይ ከጭነት መኪኖቹ መካከል ተቀምጬ ስውል፣ የሚያልፈውን ሁሉ ጀብራ የት ነው እያልሁ እጠይቅ ነበር። ማንም አልመለሰልኝም። ወደ ቤት ስመለስ ለአሚና ምን እንደምል አላውቅም ነበር። የመጋቢቱ ደብዳቤሽ እስኪደርስ በቤታችን ሰው ጮክ ብሎ አላወራም።

የዳውድ ሱቅ ተዘግቷል። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ከሰፈራችን በእሱ በኩል ልጅ የላኩትን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርሁ እያነጋገርሁ ነው። አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ሻይ እንኳ ሳያቀርብ ይሸኘኛል። የናስራን ፓስፖርት ጉዳይ ለማወቅ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ እሄዳለሁ።

መምጣትና መቆየቱን ሉጥፊያ ትወስን። እኔ ምን እንደምትመልስ አልነግራትም። ብትመጣ መተማ ድረስ እቀበላታለሁ፤ ብትቆይ አንቺ አለሽላት።

ለእናትሽ ሁሉንም አነበብሁላት፣ ናስራ። በዚህ ጊዜ ምንም አልዘለልሁም። ጦይባ እስክጨርስ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሰማችኝ። አንቺ የፈራሽውን አላለችም። ስለ ሰውም ስለ ወሬም አንድ ቃል አልወጣትም። ወረቀቱን ሳጥፍ እጄን ያዘችኝና፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ነው የፈራችው?» አለችኝ።

አጎትሽ ኢሳ